ከወንዙ ወዲያ ያለው ግማሽ

እንቅልፍ እምቢ ካለው ዛሬ ሳምንት ሞላው፣ እምቢ ያለውም በሌሊት አይደለም፣ ሌሊቱን አንሶላ ወስዶበታል፣ ከማታ እስከ ንጋት ከሆስፒታል በጋሪ የሚመጣ አንሶላ ሲያጥብና ሲተኩስ አድሮ ሰው ወደ ሥራው ሲወጣ እሱ ወደ አልጋው ይገባል፣ ስለዚህ እንቅልፉ የቀን ነው፣ መስኮቱ ላይ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል በፕላስተር ለጥፎ ቀኑን ሌሊት ሊያስመስለው ቢሞክርም ቀን እንዲህ በቀላሉ አይሸነገልም፣ በፕላስተሩ ጠርዝ አንዲት ቀጭን ብርሃን ሾልካ ግድግዳው ላይ ትጋደማለች፣ ጀርባውን ይሰጣታል፣ ይገለበጣል፣ መልሶ ያያታል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ገና ነው። የሚደውለው አምስት ሰዓት ላይ ነው፣ ያኔ አገር ቤት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይሆናል፣ እራት ተበልቶ፣ ጠረጴዛው ተወልውሎ፣ ልጆቹ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ምክንያቱም መጽሐፍ በቅባት እጅ አይነካም፣ ይሄ የእሱ ሕግ ነው፣ ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፈው ክብ ሠርተው የሚጠብቁበት ሰዓት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የእሁድን አምስት ሰዓት ሲናፍቅ ኖሯል። ዛሬ ግን ፈራት። የአርባ አራት ዓመት ጎልማሳ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ልታነብለት ነው ብሎ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ተኝቷል ቢባል ማን ያምናል? ፈርቷል እንጂ።

የምታስፈራው ልጅ የመጀመሪያ ልጁ ናት። የቤት ስሟ ዳኛዋ ነው፣ ስሙንም ያወጣላት ራሱ ነው፣ የስድስት ዓመት ልጅ እያለች እናቷ የቆረሰችላትን ዳቦ በጣቷ ለክታ «የኔ ይበልጣል፣ ይሄ ፍርድ አይደለም» ብላ ከራሷ ቆርሳ ለወንድሟ የመለሰች ዕለት። ወንድሟ ለምኔ ነው የሚባለው፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አፉን የፈታው «ለምን» በሚለው ቃል ነው ማለት ይቻላል፣ እስከ ዛሬም ሌላ ቃል ብዙ አላስፈለገውም። ባለፈው እሁድ፣ ንባቡ አልቆ ሁሉም ደህና ሁን ብሎ ስልኩ ሊዘጋ ሲል፣ ዳኛዋ አፏን ወደ ስልኩ አስጠግታ፣

«አባዬ፣ የሚቀጥለው እሁድ አንተ አታነብም» አለችው።

«ለምን? ጉሮሮዬ ምን ሆነና?»

«ሙሉው መጽሐፍ ተገኘ! የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር፣ የመጨረሻው መደርደሪያ ላይ፣ አቧራ ለብሶ። ከወንዙ ጀምሬ እኔ አነብልሃለሁ፣ አንተ ተጋድመህ ስማ። ከዚያ ደብተሩን ከመጽሐፉ ጋር አስተያየዋለሁ።»

«የቱን ደብተር?»

«አንተ ያነበብክልንን የጻፍኩበትን ነዋ! ሦስት ደብተር ሞልቷል። እኛ ጋ ያለው ግማሹ ብቻ አይደል፣ ሌላውን ግማሽ እያዳመጥኩ እየጻፍኩት ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ያመለጡኝ ቃላት አሉ፣ እነሱን ልሙላ ብዬ ነው።»

ያኔ ነው እንቅልፉ የሄደው። ለመሆኑ ቀድመሽ አነበብሽው እንዴ ብሎ ጠየቃት፣ ድምፁን የተራ ጥያቄ አስመስሎ፣ እሷም «ኧረ! ሕግ አይደል እንዴ? ማንም ብቻውን ቀድሞ አያነብም። ገልጬም አላየሁት። ጥራዙን ብቻ ነው ያየሁት» አለች፣ ከዚያም «ስፌቱ ያንተን አያህልም» ብላ ጨመረች። ይህን ያለችው ልታስደስተው ነበር፣ ደስም አለው።

ስፌቱ ያንተን አያህልም። እንዴት ሊያህል? አሥራ ሰባት ዓመት ማተሚያ ቤት ጥረዛ ክፍል የሠራ ሰው ነው፣ እዚህ ባዕድ አገር ሥራ ሲፈልግ በሞላው ቅጽ ላይ «ሙያ» በሚለው ክፍት ቦታ መጽሐፍ ጠራዥ ብሎ ሲጽፍ የቢሮዋ ልጅ አንገቷን ቀና አድርጋ አይታው ከጎኑ «ሌሎች» የሚለውን ሳጥን ምልክት አደረገችበት፣ ሌሎች! ግድ የለም፣ ሌሎች ይበሉት። ያ መጽሐፍ ራሱ በእጁ ያለፈ ነው፣ ሽፋኑ ተጣሞ ስለተለጠፈ ተመላሽ ከተባሉት አንዱን ሽፋኑን ገንጥሎ ወደ ቤቱ ወሰደው፣ የድሮ ዘመን ታሪክ ነው፣ ወፍራም ልቦለድ፣ በየአገሩ እየዞሩ የሚነግዱ ሲራራ ነጋዴዎች፣ ኬላ የሚጠብቁ ሹሞች፣ በድንኳን የምትኖር እመቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ በቅሎ ነጂ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላትን ቦራ በቅሎውን ይዞ ሚስቱንና ልጆቹን «ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ» ብሎ ከሰፈሩ የወጣ ሰው። ማታ ማታ ከእራት በኋላ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ነበር፣ ሚስቱ ልብስ እየጠቀመች፣ ልጆቹ ደረታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው። ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው ገና አርባኛው ገጽ አካባቢ ናቸው፣ ለምኔ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነው፣ «መጽሐፉን ትተህልን ትሄዳለህ ወይስ ይዘኸው?» ብሎ ጠየቀ፣ ዳኛዋ ለወንድሟ ዳቦውን እንደቆረሰች ሁሉ ወዲያው ፈረደች፣ «እኩል ይካፈል።»

ተካፈለ። ጠራዥ እጁ ላይ ያለውን ሥራ ያውቃል፣ መጽሐፍ ሲገነጠል በገጽ አይገነጠልም፣ በእጥፍ ነው፣ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ የሚሆን የታጠፈ ወረቀት እየተደራረበ ነው መጽሐፍ የሚሆነው፣ ስለዚህ አሥራ ስምንት እጥፍ ቆጥሮ ገጽ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ላይ ክሩን በጠሰ፣ ሁለቱንም ግማሾች በሰም በተወለወለ ክር እንደገና ሰፋ፣ ካርቶን አለበሰ፣ ኮላው እስኪደርቅ የብረት ሳጥን ጫነባቸው፣ ሚስቱም ከጓዳ ብቅ ብላ «እኔን ብቻ ነው ሳትጠርዝ ጥለህ የምትሄደው» አለች፣ ሳቁ፣ ከዚያ ሁለቱም አልሳቁም። ሥራው ነውር የለበትም፣ ዛሬም ትራሱ ሥር ነው ያለው፣ አንዲት ክር አልሾለከችም። ጥፋቱ ሌላ ነው። እጥፉን ቆጠረ እንጂ ታሪኩን አላየም። የልጆቹ ግማሽ ልክ በዓረፍተ ነገር መሃል ተቆረጠ፣ «በቅሎ ነጂውም የቦራን ልጓም ይዞ ወደ ሞላው ወንዝ» ይልና ካርቶን ነው፣ የቀረው እሱ ሻንጣ ውስጥ ባሕር ተሻግሯል። አሥራ ሰባት ዓመት መጽሐፍ ሲሰፋ ኖሮ እንዲህ ዓይነት ስህተት የሚሠራ ጠራዥ ብቻ ነው፣ ሌላ ሰው ቢሆን ምዕራፍ ፈልጎ በቢላ ይቆርጠው ነበር።

ተራው መጀመሪያ የልጆቹ ነበር። አንድ ዓመት ከአሥር ወር እነሱ አነበቡለት። እንዴት ያለ ንባብ ነበር! መጀመሪያ ላይ ዳኛዋ በጣቷ እየተከተለች፣ ረዥም ቃል ሲገጥማት እንደ ደረጃ አንድ በአንድ እየወጣች፣ ለምኔ አጠገቧ ሆኖ በየመስመሩ እያስቆማት፣ «ኬላ ምንድነው?» ይላታል፣ እሷ አባዬን ጠይቅ ትላለች፣ እሱም እዚህ አልጋው ላይ ተቀምጦ ያስረዳል፣ ኬላ ማለት መንገዱ ላይ የሚቆም መፈተሻ ነው፣ ነጋዴው እቃው ታይቶ፣ ማንነቱ ተጠይቆ፣ አሳልፉት እስኪባል ድረስ የሚጠብቅበት፣ እኔም ሥራ ስገባ ካርድ አለኝ፣ ማሽኑ ላይ ሳስጠጋው አረንጓዴ ካበራ አልፋለሁ፣ ቀይ ካበራ እቆማለሁ፣ ያም ኬላ ነው። ልጁም «እንግዲያው አንተ ያልመጣኸው ኬላው ቀይ አብርቶብህ ነው?» አለ። ስድስት ዓመቱ ነው እኮ ያኔ። ማን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል? አባትየው ያን ዕለት ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ የጋራ ኩሽናው ውስጥ ብቻውን ቆሞ ፍሪጁን ከፈተ ዘጋ፣ ከፈተ ዘጋ፣ የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ይነግረው ነበር፣ ልጄ እንዲህ አለ ብሎ፣ ፍሪጁ ውስጥ ስም የተለጠፈባቸው ወተቶች ብቻ ናቸው ያሉት። ዳኛዋም ቀስ በቀስ ጣቷን ተወች፣ ደረጃውን ተወች፣ አራት ነጥብ ላይ ማረፍን፣ ሹሙ ሲናገር ድምፅ ማወፈርን አወቀችበት፣ አስተማሪዋ «ይሄን ቃል ከየት አመጣሽው?» ሲሏት «ከአባቴ ጋር እሁድ እሁድ እናነባለን» ብላ መለሰች፣ «አባትሽ ውጭ አገር አይደሉም እንዴ?» «ናቸዋ፣ እናነባለን።» ይህን ሚስቱ ነግራው አንድ ሳምንት ሙሉ አንሶላው ቀለለው። ይኮራ ነበር፣ ይኮራል፣ ኩራቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው ያጣው።

ከዚያ ወንዙ ደረሰ። ያን እሁድ ያስታውሰዋል፣ ማስታወስም አይባልም፣ አሁንም እዚያው ነው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የእሱን ግማሽ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ። ዳኛዋ የመጨረሻውን መስመር ታነባለች፣ «በቅሎ ነጂውም የቦራን ልጓም ይዞ ወደ ሞላው ወንዝ» ትልና «አባዬ፣ ያንተ ተራ!» ትጮሃለች፣ ሁሉም ይስቃሉ፣ እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ገባ» ይላል፣ አንዲት ቃል፣ ሦስት ሰው ያጨበጭባል። ማንም ቀድሞ አያነብም ስለተባለ እሱም አላነበበም፣ በባዕድ አገር፣ በዚያ ሁሉ ባዶ ሰዓት፣ አጠገቡ ያለውን መጽሐፍ ሳይገልጥ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀር ታገሰ፣ ይህንንም ቢሆን ይኮራበታል። ስለዚህ ያነባል፣ ውሃው እስከ ጉልበት፣ ውሃው እስከ ወገብ፣ ለምኔ መሃል ገብቶ «ይሻገራል አይደል አባዬ? ሚስቱን እመጣለሁ ብሏታል እኮ» ይላል፣ እሱም «ቆይ እንጂ፣ እንየዋ» ብሎ ገጹን ይገልጣል፣ ሁለት መቶ ዘጠና አንድ፣ ዓይኑ ከአፉ ቀድሞ ታች ወረደና እንዲህ የሚል አየ፦ «ውሃው በቅሎዋን መለሳት፤ ሰውየውን ግን አልመለሰም።»

ዓይን አንዳንዴ ክፉ ነው። አፉ ገና «ውሃው በቅሎዋን መለሳት» ላይ ነው፣ ከስልኩ ወዲያ ሁለት ልጆች ትንፋሻቸውን ይዘዋል፣ ከቤቱ ወጥቶ እመጣለሁ ያለ ሰው ወንዝ ወሰደው ብሎ ማን ለልጁ ያነባል? የሚያነብ አባት ካለ እሱ አይደለም። አፉ ራሱን ችሎ «ሰውየውም ጭራዋን ይዞ ወጣ» አለ። ወጣ! ለምኔ «ወጣ! ወጣ!» እያለ ወንበሩን ሲገለብጥ ተሰማው፣ ከሩቅ ደግሞ የሚስቱ ድምፅ «ጎሽ!» አለ፣ እሱም ላብ በላብ ሆኖ የተቀረውን ከጭንቅላቱ አነበበ፣ በቅሎ ነጂው ልብሱን ጨመቀ፣ እሳት አነደደ፣ ተኛ። ምዕራፉም አለቀ።

ውሸት አንዴ ከወንዝ ከወጣ ቀለብ ይፈልጋል። መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ያለ በቅሎ ነጂ ነው የሚሄደው፣ እሱ ግን አሥራ አራት ወር ሰውየውን በየገጹ ሲያስገባ ከረመ። በድንኳን የምትኖረው እመቤት ከአማካሪዋ ጋር ብቻዋን በምስጢር ስትመክር በቅሎ ነጂው በር ኋላ ተቀምጦ ጫማ ይሰፋል። ነጋዴዎቹ ኬላ ላይ ሲጣሉ እሱ ጥላ ሥር ጫማ ይሰፋል። «ይሄ ሰው ስንት ጫማ ነው ያለው?» ብላ ዳኛዋ አንድ ቀን ጠይቃ ነበር፣ ያኔ መጠንቀቅ ነበረበት። የሚያስበው ሥራ ቦታ ነው፣ ትልቁ ካውያ ፊት፣ ወዲያኛውን ጫፍ ከምትይዘው ሴትዮ ጋር ቋንቋ አይግባቡም፣ አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘው ይወጥራሉ፣ ያስገባሉ፣ ትኩስ ሆኖ ይወጣል፣ ያጥፋሉ፣ እሱ ደግሞ በየእጥፉ አንዳንድ ነገር እየጨመረ የእሁዱን ምዕራፍ ይሠራል፣ አንድ ቀን በቅሎ ነጂው ለሹሙ የሚመልሰው ቃል ጥሩ ሆኖ ሲመጣለት ብቻውን ሳቀ፣ ሴትዮዋም የምን ሳቅ እንደሆነ ሳታውቅ አብራው ሳቀች። ነገሩን አይደብቀውም፣ አንዳንዱ ምዕራፍ ከመጽሐፉ ይሻል ነበር። ውሸት ነው፣ ግን አማርኛው አማርኛ ነው።

አሁን ግን ዳኛዋ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ልታስተያይ ነው። ሦስት ደብተር! አንድ ሰው ይዋሻል፣ ውሸቱን ግን ልጁ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ትገለብጥለታለች። መጽሐፉስ ይሁን፣ የመጽሐፉ አይደለም ሆዱን የሚበላው። «ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ» ያላቸው እሱም ነው፣ ከበቅሎ ነጂው ሰምቶ ይሁን ከራሱ አያውቅም፣ አንዴ አለ፣ ዝናቡ አባራ፣ ሁለተኛም አለ፣ አባራ፣ ባለፈው ወር ለሦስተኛ ጊዜ አለ፣ ያን ሲል ደብዳቤው ትራሱ ሥር ነበር፣ ከመጽሐፉ ጎን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው፣ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል፣ እስከዚያ ከአገር እንዳይወጡ የሚል፣ መጨረሻው ላይ ለትዕግሥትዎ እናመሰግናለን የሚል፣ ማን ትዕግሥት አለው አላቸው? በመጽሐፉ ዋሽቶ ከተገኘ በሌላውስ ማን ያምነዋል? ለምኔ «ለምን?» ይላል። ዳኛዋ ግን ለምን አትልም፣ ዝም ትላለች፣ የሷ ዝምታ ነው የከበደው። አለመደወልም ይቻላል። ስልኬ ተበላሸ ማለት ይቻላል፣ አመመኝ፣ ተጨማሪ ሥራ አዘዙኝ። ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ ጎረቤት ግድግዳ ይበሳል፣ ያቆማል፣ አንድ ውሸት ለማዳን ስንት ውሸት ነው የምሠራው ብሎ ራሱን ሰደበ፣ ተነሳ፣ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ የእሱን ግማሽ ከትራሱ ሥር አወጣ፣ አምስት ሰዓት ላይ ደወለ።

«እንደምን አደርክ፣ ውለሃል ልበል?» አለች ሚስቱ። «ተኝተሃል ዛሬስ?»

«ተኝቻለሁ።»

«ድምፅህ አልተኛም።» ከዚያ ዞር ብላ «ኑ፣ አባታችሁ ነው!» አለች፣ የወንበር ድምፅ ሰማ፣ ብርጭቆ ሲገፋ ሰማ፣ ለምኔ «ሽፋኑ ላይ ቦራ ተስላለች አባዬ! ግን ነጩን ምልክት ረስተውታል፣ ለምን?» አለ፣ ዳኛዋ «ዝም በል፣ ጀምሬያለሁ» አለች።

ጀመረች። «በቅሎ ነጂውም የቦራን ልጓም ይዞ ወደ ሞላው ወንዝ ገባ።» በአንድ ትንፋሽ፣ ሳትቆም። ሦስት ዓመት ተቆርጦ የኖረው ዓረፍተ ነገር ተገጠመ፣ እሱም ፍርሃቱን ለአፍታ ረሳው፣ ምን ዓይነት አንባቢ ናት! ይህችን እኔ ነኝ ያስነበብኳት፣ በስልክ፣ በአንሶላ መሃል። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ይከተላታል፣ ልክ እሷ ድሮ እንደምታደርገው። ውሃው እስከ ጉልበት። ውሃው እስከ ወገብ። ገጹ ሲገለጥ ሁለት ወረቀት በአንዴ ተሰማው፣ የሷ እዚያ፣ የእሱ እዚህ።

«ውሃው በቅሎዋን መለሳት» አለች።

ዝም አለች። እንደዚህ ዝም ብላ አታውቅም፣ ነጠላ ሰረዝ ላይ እንኳ ይህን ያህል አታርፍም። ዓይኗ እንደቀደማት አወቀ። ጣቱ ከቃሉ ላይ አልተነሳም፣ አልመለሰም የሚለው ላይ ነው፣ ይኸው መጣ፣ ይኸው አሁን ትለዋለች ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ለምኔ «እሺ?» አለ። አንድ ትንፋሽ ሳበች።

«ሰውየውም ጭራዋን ይዞ ወጣ።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ልብሱን ጨመቀ አለች፣ እሳት አነደደ አለች፣ ተኛ፣ ቃል በቃል የእሱን፣ ከደብተሩም አይደለም፣ ከጭንቅላቷ። «ምዕራፉ እዚህ ላይ ያበቃል።»

«ለምን አጠረ?» አለ ለምኔ።

«ደክሞት ነዋ! ወንዝ እኮ ነው የተሻገረው። አሁን አባዬን አንድ ነገር ልጠይቀው፣ ተነስ፣ እማዬን አግዛት።»

ስልኩን ይዛ ወጣች፣ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ የግቢው ድምፅ መጣ፣ ሩቅ መኪና፣ የሰው ጫማ ጠጠር ላይ።

«አባዬ።»

«ወይ።»

«ሁለት መቶ ዘጠና አንድ።»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ያን ቀን አንተም ሳታውቅ ነው የደረስክበት?»

«ሳላውቅ ነው። እንደ አንቺው።»

«ለዚህ ነዋ ያ ሁሉ ጫማ!» አለችና ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ፣ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማት። «እማዬ ታውቅ ነበር መሰለኝ። ተማሪ ሆና ሳታነበው አትቀርም። ዛሬ ልጀምር ስል ‹ወንዙ ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ› አለችኝ። ለምን እንዳለችኝ አልገባኝም ነበር።»

ጎሽ። ያ ጎሽ ለእሱ ነበር። አሥራ አራት ወር ሙሉ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ልብስ እየጠቀመች ውሸቱን ስታዳምጥ የኖረች ሴት፣ እሱ ደግሞ ብቻዬን ነኝ ብሎ ያስባል።

«አሁን ሌላ ነገር ልጠይቅህ» አለች ዳኛዋ፣ «ከመጽሐፉ አይደለም። ዝናቡ ሲያባራ ትመጣለህ?»

እመጣለሁ የሚለው ቃል አፉ ላይ ነበር፣ ለማዳ ነው፣ ጭራ ይዞ መውጣት ያውቃል። ግድግዳው ላይ ያለችውን ብርሃን አየ። ይህች ልጅ አሁን ለወንድሟ ስትል ሰውየውን ወንዝ አሻግራ ተመልሳለች፣ እሷን ራሷን ማን ያሻግራታል? የሚሻገሩት በእውነት ከሆነ ብቻ ነው።

«አልመጣም» አለ። «ገና ኬላው ላይ ነኝ። ሁለት ዓመት ይወስዳል ብለው ጽፈውልኛል፣ ሊበልጥም ይችላል። ደብዳቤው ከደረሰኝ ሁለት ወር ሆኖታል። ለእናትሽም አልነገርኳትም። ይቅር በይኝ።»

ዝም አለች። ያ የፈራው ዝምታ ነው። ጠጠሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል ሰማት፣ ቆመች።

«ለእማዬ አንተ ራስህ ንገራት፣ ዛሬ» አለች። «ለለምኔ እኔ እነግረዋለሁ።»

«እሺ።»

«ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱን ነገ እመልሰዋለሁ። ደብተሮቹን ከኛ ግማሽ ጋር ልጠርዛቸው ነው፣ የኛ መጽሐፍ እሱ ይሁን። ደብተሩ ላይ ሰውየው ገና ቤቱ አልደረሰም፣ አይደል?»

«አልደረሰም። ግን እየመጣ ነው።»

«እሱን የምትጽፍበት ባዶ ወረቀት መጨረሻው ላይ ልተው ብዬ ነበር። ስንት ገጽ?»

«አንድ እጥፍ ይበቃል። አሥራ ስድስት።»

«ለሁለት ዓመት?» በከንፈሯ ስታሰላ ሰማት። «መቶ አራት እሁድ ነው። በእሁድ አንድ ገጽ፣ ለአሥራ ስድስት ሲካፈል ስድስት ተኩል። እጥፍ ደግሞ ግማሽ የለውም ብለኸኛል። ሰባት አደርገዋለሁ። ሊበልጥ ይችላል ብለሃል።»

ሰባት እጥፍ። ፈረደችለት፣ ሰባት እጥፍ ፈረደችለት። ደረቱ ውስጥ የሞላው ነገር ኩራት ይሁን ልቅሶ ለመለየት ጊዜ አልነበረውም፣ ሁለቱም ነው፣ ኩራቱ ይበልጣል፣ ቢችል ያቺን የቢሮ ልጅ ጠርቶ ሌሎች ያልሽው ይኸውልሽ ይላት ነበር። ሄዶ የመስኮቱን ፌስታል ከአንድ ጥግ ላጠው፣ ክፍሉ በራ።

«ክሩን ከየት ነው የምጀምረው?» አለች።

«መጀመሪያ በሰም ወልውዪው፣ ሻማ ይሆናል። ከዚያ ከእጥፉ መሃል፣ ከውስጥ በኩል ጀምሪ። ስትስቢው ወደ ላይ አትሳቢ፣ ወረቀቱን ይቀደዋል፣ ወደ ጎን ነው። የልጆቹን... የናንተን ግማሽ የመጨረሻ ስፌት ታገኛለሽ፣ እኔ የቋጠርኩት፣ እሱን አትፍቺው፣ በእሱ ላይ አስገቢው። ቋጠሮውን ደግሞ ከውስጥ አድርጊው።»

«ቆይ፣ ልጻፈው» አለች።

እሱም እስክትጽፍ ጠበቃት።